ቲዩብ አምፕሊፋየር በቤት ውስጥ፡- አመራረጡ፣ አያያዙና የሚሰጠው ደስታ

ዕድሜያቸው ከፍ ያለ አንባቢዎቻችን ሳሎን ውስጥ የጥልፍ ጨርቅ ለብሶ ይቀመጥ የነበረውን ባለ እንጨት ሬዲዮ አይዘነጉትም፡፡ ቁልፉ ሲዞር ወዲያው አይናገርም፡፡ በመጀመሪያ የጣቢያ ቁጥሮች የተጻፉበት መስታወት ይበራል፤ ቀጥሎ አረንጓዴዋ “ዓይን” ቀስ እያለች ትገለጣለች፤ ድምፁ የሚመጣው ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ነው፡፡ ሬዲዮው ጊዜ የሚወስደው በውስጡ ያሉት የመስታወት አምፖሎች እስኪሞቁ ድረስ ነበር፡፡ እነዚህን አምፖሎች ባለሙያዎች “ቫልቭ” ወይም “ቲዩብ” ይሏቸዋል፡፡ ትራንዚስተር መጥቶ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ቢያስወጣቸውም፣ በሙዚቃ አፍቃሪዎች ቤት ግን ዛሬም አልጠፉም፡፡

በዚህ ጽሑፍ ቲዩብ አምፕሊፋየር ምን እንደሆነ፣ ለመግዛት ያሰበ ሰው ምን መጠየቅ እንዳለበት፣ በተለይም በእኛ አገር የመብራት ሁኔታ እንዴት ሊያዝ እንደሚገባ እናያለን፡፡

ምንነቱና አሠራሩ

“ኢንተግሬትድ አምፕሊፋየር” የሚባለው ሁለት ሥራዎችን በአንድ ሳጥን ያጣመረ የድምፅ ማጉያ ነው፡፡ የመጀመሪያው ክፍል ከሲዲ፣ ከሸክላ ማጫወቻ ወይም ከኮምፒዩተር ከሚመጡት ድምፆች የተፈለገውን ይመርጣል፣ መጠኑንም ይቆጣጠራል፡፡ ሁለተኛው ክፍል ያንን ደካማ ምልክት ስፒከር ለማንቀሳቀስ እስከሚበቃ ድረስ ያጎለብተዋል፡፡ ይህንን ሥራ የሚሠሩት ትራንዚስተሮች ሳይሆኑ ቲዩቦች ሲሆኑ መሣሪያው ቲዩብ ኢንተግሬትድ አምፕሊፋየር ይባላል፡፡

ቲዩብ አየር የተመጠጠበት መስታወት ነው፡፡ በመካከሉ የሚሞቅ ካቶድ አለ፤ ሲግል ኤሌክትሮኖችን ይለቃል፡፡ በዙሪያው ከፍተኛ ቮልቴጅ የተሰጠው አኖድ ኤሌክትሮኖቹን ወደ ራሱ ይስባቸዋል፡፡ በሁለቱ መካከል ያለው ግሪድ የተባለ ቀጭን ሽቦ ደግሞ እንደ በረኛ ነው፡፡ ትንሿ የሙዚቃ ምልክት ግሪዱ ላይ ስትደርስ ትልቁን የኤሌክትሮን ጉዞ ታበዛዋለች ወይም ታሳንሰዋለች፡፡ ማጉላት ማለት ይኸው ነው፡፡

እንግሊዛዊው ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ ባለ ሁለት ክፍሉን ቲዩብ የሠራው እ.ኤ.አ በ1904 ሲሆን፣ አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎረስት በ1906 ገደማ ግሪዱን ጨመረበት፡፡ በ1947 ትራንዚስተር በቤል ላቦራቶሪዎች እስኪፈለሰፍ ድረስ ሬዲዮም፣ ሲኒማም፣ የረጅም ርቀት ስልክም ሸክማቸው በዚህ መስታወት ላይ ነበር፡፡

ሌላው ሊታወቅ የሚገባው ክፍል የውጤት ትራንስፎርመሩ ነው፡፡ ቲዩብ በብዙ መቶ ቮልትና በጥቂት የኤሌክትሪክ ፍሰት ይሠራል፤ ስፒከር ደግሞ በተቃራኒው ትንሽ ቮልትና ብዙ ፍሰት ይፈልጋል፡፡ ሁለቱን የሚያስታርቀው ይህ ትራንስፎርመር ነው፡፡ የመሣሪያው ክብደትም፣ ዋጋውም፣ የድምፁ ጥራትም በአብዛኛው የሚወሰነው በእርሱ ነው፡፡ ልምድ ያላቸው ገዢዎች “ከቲዩቡ በፊት ትራንስፎርመሩን እይ” የሚሉት ለዚህ ነው፡፡

ከትራንዚስተር ይበልጣል ወይ?

ይህ ጥያቄ በቅንነት ሊመለስ ይገባል፡፡ በመለኪያ መሣሪያ ከታየ፣ በደንብ የተሠራ የትራንዚስተር አምፕሊፋየር የድምፅ መዛባቱ ያነሰ፣ ጉልበቱ የበዛ፣ ዋጋውም የረከሰ ነው፡፡ ታዲያ ሰዎች ለምን ቲዩብ ይመርጣሉ? አንደኛ፣ የቲዩብ መዛባት፣ በተለይ በአንድ የኃይል ቲዩብ ብቻ በሚሠሩት ላይ፣ በአብዛኛው ከዋናው ድምፅ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ የሚሰማ ስለሆነ ጆሮ እንደ ሙላትና ሙቀት ይቀበለዋል፡፡ ሁለተኛ፣ ከአቅሙ በላይ ሲጠየቅ በድንገት አይሰነጠቅም፤ ቀስ እያለ ይለዝባል፡፡ የሰው ድምፅ፣ ሳክስፎንና የክር መሣሪያ ላይ ይህ ጠባዩ ጎልቶ ይታያል፡፡ በአንጻሩ ባሱን እንደ ትራንዚስተር አጥብቆ አይቆጣጠርም፡፡ ስለዚህ ቲዩብ መምረጥ የጣዕም ጉዳይ እንጂ የእውቀት ውድድር አይደለም፡፡

ስንት ዋት ይበቃል?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፡፡ የተለመዱት የኃይል ቲዩቦች በግምት የሚሰጡት ጉልበት እንዲህ ነው፡-

- 300ቢ፡- በአሜሪካው ዌስተርን ኤሌክትሪክ እ.ኤ.አ በ1938 የተዋወቀ፡፡ ብቻውን ሲሠራ ወደ 8 ዋት፡፡
- ኢኤል 84፡- ትንሽና ርካሽ፡፡ በጥንድ ሲሠራ ከ10 እስከ 15 ዋት፡፡
- ኢኤል 34፡- በጥንድ ከ30 እስከ 40 ዋት፡፡ ለጀማሪ የሚመከረው ብዙ ጊዜ ይህ ነው፡፡
- ኬቲ 88፡- እ.ኤ.አ በ1956 በእንግሊዙ ጂኢሲ የቀረበ፡፡ በጥንድ ከ40 ዋት በላይ፡፡

ይሁንና ዋት ብቻውን ምንም አይነግርም፤ ወሳኙ የስፒከሩ ንቃት ነው፡፡ ይህ በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት በዴሲቤል ይለካል፡፡ ጉልበት እጥፍ በሆነ ቁጥር የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው፡፡ ስለዚህ 86 ዴሲቤል የሆነ ስፒከር በ8 ዋት 95 ዴሲቤል ሲደርስ፣ 95 ዴሲቤል የሆነው ስፒከር ግን እዚያው የሚደርሰው በ1 ዋት ነው፡፡ ባለ 8 ዋቱን የወደደ ሰው አስቀድሞ ስፒከሩን መመርመር አለበት፡፡ በመደበኛ ሳሎን፣ ከ88 እስከ 90 ዴሲቤል በሆነ ስፒከር፣ ባለ ኢኤል 34 አምፕሊፋየር ጎረቤት እስኪያማርር ድረስ ይበቃል፡፡

በተጨማሪም ከጀርባው “4” እና “8” ተብሎ የተጻፈባቸው ማሰሪያዎች ይኖራሉ፡፡ እነዚህ የስፒከሩ ኦም ናቸው፡፡ ከስፒከርዎ ጋር የሚስማማውን ይምረጡ፤ ከተጠራጠሩ ሁለቱንም ሞክረው ጆሮዎ የወደደውን ይያዙ፡፡

ሲገዙ የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ “ባያስ” ነው፡፡ ባያስ ማለት ሙዚቃ ባይኖርም በቲዩቡ ውስጥ የሚያልፈው የኤሌክትሪክ መጠን ነው፡፡ አንዳንዶቹ አምፕሊፋየሮች ራሳቸው ያስተካክሉታል፤ ሌሎቹ ግን ባለቤቱ በየጥቂት ወሩ በመለኪያና በትንሽ ካቻቪቴ እንዲያስተካክል ይጠይቃሉ፡፡ ለጀማሪ በራሱ የሚያስተካክለው ይሻላል፡፡

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ሸክላ ማጫወቻ መግቢያ ነው፡፡ ብዙዎቹ ይህ የላቸውም፡፡ ሸክላ የሚያዳምጡ ከሆነ “ፎኖ” የተባለ ተጨማሪ ማጉያ ያስፈልግዎታል፡፡

ሦስተኛው መለዋወጫ ነው፡፡ አዳዲስ ቲዩቦች ዛሬ በዋናነት የሚመረቱት በስሎቫኪያ፣ በሩሲያና በቻይና ነው፡፡ እ.ኤ.አ በመጋቢት 2022 ሩሲያ በወጪ ንግድ ላይ ገደብ ባደረገች ጊዜ በመላው ዓለም ገዢዎች የተሻሙት ፋብሪካዎቹ እንዲህ ጥቂት ስለሆኑ ነው፡፡ ስለዚህ ብርቅ የሆነ ቲዩብ ከሚጠቀም ይልቅ እንደ ኢኤል 34 ያለ በየቦታው የሚገኝ ቲዩብ የሚጠቀመውን መምረጥ ብልህነት ነው፡፡ መሣሪያውን ሲገዙም አንድ ሙሉ ትርፍ ቲዩብ አብረው ይያዙ፡፡

አራተኛውና ለእኛ ዋነኛው ቮልቴጁ ነው፡፡

የአገራችን መብራትና ቲዩብ

ከዓመታት በፊት ወንድሜ ከዋሽንግተን ሲመጣ ያገለገለ ቲዩብ አምፕሊፋየር በሻንጣ ይዞልኝ መጣ፡፡ 20 ኪሎ ስለነበር ለቤተሰብ ሊያመጣ ካሰበው ነገር ግማሹን ትቶ ነበር፡፡ እኔ ደግሞ በደስታ ብዛት የጀርባውን ጽሑፍ ሳላነብ ሶኬት ውስጥ ሰካሁት፡፡ ለጥቂት ሰከንድ ከወትሮው በላይ ደምቆ በራ፣ ቀጥሎ የተቃጠለ ሽታ ወጣና ጠፋ፡፡ መሣሪያው የተሠራው ለ120 ቮልት ነበር፡፡ ፒያሳ አካባቢ የቆዩ ሬዲዮዎችን የሚጠግኑ አዛውንት ከፍተው ካዩት በኋላ “ልጄ፣ ትራንስፎርመሩ ሄዷል፤ ቲዩቦቹ ግን አንድ ሁለቱ ይተርፋሉ” አሉኝ፡፡ ምትኩ ትራንስፎርመር ከውጭ እስኪመጣ አራት ወር ጠበቅሁ፡፡ ወንድሜ ደውሎ “እንዴት ነው ድምፁ?” ሲለኝ የተሰማኝን ዛሬም አልረሳውም፡፡

የአሜሪካ መብራት 120 ቮልትና 60 ኸርዝ፣ የጃፓን 100 ቮልት፣ የእኛ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው፡፡ ከውጭ ዘመድ የሚልክልዎት ከሆነ አስቀድመው ሁለት ነገር ይጠይቁ፡፡ አንደኛ፣ መሣሪያው በ220 ወይም በ230 ቮልት ይሠራል ወይ? ሁለተኛ፣ በ50 ኸርዝ እንዲሠራ ተፈቅዷል ወይ? ለ60 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ትራንስፎርመር በ50 ኸርዝ ከልክ በላይ ሊሞቅ ይችላል፡፡ ቮልት መቀነሻ ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም፡፡ ከአውሮፓ ወይም ከዱባይ የሚመጣ ግን ብዙውን ጊዜ ለእኛ መብራት ይስማማል፡፡

የቮልቴጅ መዋዠቅም አለ፡፡ የቲዩብ ማሞቂያ የተሠራበት ቮልት ከ10 በመቶ በላይ ሲወጣና ሲወርድ ዕድሜው ያጥራል፡፡ ስለዚህ ጥሩ ስታቢላይዘር ከውድ ኬብል በፊት መገዛት ያለበት ዕቃ ነው፡፡ የሚችለው ዋት አምፕሊፋየሩ ከሚወስደው ቢያንስ እጥፍ ይሁን፡፡ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ወዲያው ማብሪያውን ያጥፉ፤ መብራት በተመለሰባቸው የመጀመሪያ ደቂቃዎች ቮልቱ ሊዘል ይችላል፡፡ ግራውንድ የሌለውን ሶኬት አይጠቀሙ፤ ፊውዝ ሲቃጠልም በተመሳሳዩ እንጂ በሽቦ አይተኩ፡፡

አያያዝና ጥንቃቄ

የኃይል ቲዩብ መስታወት በሥራ ላይ ከ200 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሊግል ይችላል፡፡ ሕፃናት ባሉበት ቤት ከአምፕሊፋየሩ ጋር የሚመጣው የብረት መከለያ መውለቅ የለበትም፡፡ ቁም ሳጥን ውስጥ አያስገቡት፤ ከላዩና ከጎኑ ክፍት ቦታ ይተዉለት፡፡ የአዲስ አበባ አየር በከፍታው የተነሳ ከባሕር ወለል አካባቢ ካለው በአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ስለሆነ ሙቀትን በዚያው ልክ አያነሳም፤ መመሪያው ከሚለው ትንሽ ጨምሮ ቦታ መስጠት አይከፋም፡፡

ስፒከር ሳይታሰር ፈጽሞ አያብሩት፤ የውጤት ትራንስፎርመሩ ሊበላሽ ይችላል፡፡ ከሥር ያለውን ክዳንም አይክፈቱ፡፡ በውስጡ ከ400 ቮልት በላይ ሊኖር ይችላል፤ ካፓሲተሮቹ መሣሪያው ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ገዳይ ኃይል ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ፡፡ ይህ ለባለሙያ የሚተው ሥራ ነው፡፡

ለጉዞ ቲዩቦቹን አውልቀው በጨርቅ ወይም በስፖንጅ ይጠቅልሉ፤ ወደየቦታቸው እንዲመለሱም ቁጥር ይጻፉባቸው፡፡ ሲያወልቁም ሲተክሉም መሣሪያው ጠፍቶ፣ ተነቅሎና ቀዝቅዞ መሆን አለበት፡፡

ወጪውስ?

የኃይል ቲዩቦች እንደ አያያዛቸው ከ2,000 እስከ 5,000 ሰዓት ያገለግላሉ፤ ትንንሾቹ፣ ለምሳሌ 12ኤኤክስ7 የተባለው፣ ብዙ ጊዜ ከዚያ እጅግ ይረዝማሉ፡፡ በቀን 2 ሰዓት የሚያዳምጥ ሰው በዓመት 730 ሰዓት ይጠቀማል፡፡ በዝቅተኛው ግምት እንኳ ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ማለት ነው፡፡ ቲዩቡ ማርጀቱን የሚያስታውቀው ባሱ ሲላላ፣ ድምፁ ሲደበዝዝ ወይም የመንጫጫት ድምፅ ሲሰማ ነው፡፡ ከቲዩቡ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ቀይ ከተለወጠ ግን ወዲያው ያጥፉት፡፡

የመብራት ፍጆታውን በተመለከተ 200 ዋት የሚወስድ አምፕሊፋየር በቀን 2 ሰዓት ቢሠራ በወር 12 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል፡፡ ይህ ያን ያህል የሚያስፈራ አይደለም፡፡ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ አብርቶ መተው መብራትም ቲዩብም ማባከን ነው፡፡

ማዳመጡ

ቲዩብ አምፕሊፋየር ችኩል ሰው አይወድም፡፡ ካበሩት በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል ይስጡት፤ ቡና እስኪፈላ ብለው ያስቡት፡፡ ከዚያ በሚያውቁት ዘፈን ይጀምሩ፡፡

ለእኛ ጆሮ ጥሩ መፈተኛ የሚሆነው በወርቃማው ዘመን የተቀረጸው ሙዚቃ ነው፡፡ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ በ1969 ያቋቋመው አምሃ ሪከርድስ ያወጣቸው ሸክላዎች፣ ዛሬ በኢትዮፒክስ ተከታታይ ሲዲዎች ውስጥ የምናገኛቸውም ሥራዎች ትልቁ ሀብታቸው የሰው ድምፅና የነፋስ መሣሪያ ነው፡፡ የጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን ሲያቅራራ ትንፋሹ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቦታ ተለይቶ ከተሰማዎት መሣሪያዎ በደህና ቦታ ላይ ነው፡፡ ማሲንቆም እንዲሁ ነው፤ በመጥፎ ማጉያ ጆሮ ይበሳል፣ በጥሩው ግን የጅራቱ ሻካራነት ይሰማል፣ አይጎዳም፡፡ ቅጂው ራሱ ደካማ ከሆነ ግን ቲዩብ ተአምር አይሠራም፡፡

የእኔው አምፕሊፋየር ከተጠገነ በኋላ እስከ ዛሬ እየሠራ ነው፡፡ ወንድሜ ለእረፍት በመጣ ቁጥር መጀመሪያ የሚያደርገው ማብራት ነው፤ እኔ ግን ከእርሱ በፊት ሄጄ ስታቢላይዘሩ 220 ማሳየቱን አረጋግጣለሁ፡፡ ከዚያ ሁለታችንም አምፖሎቹ እስኪቀሉ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን፡፡