ፒቱታሪ ኢንሲደንታሎማ

ፒቱታሪ ኢንሲደንታሎማ ለሌላ ጉዳይ በተነሣ የጭንቅላት ኤምአርአይ ወይም ሲቲ ስካን ላይ ሳይታሰብ በፒቱታሪ ዕጢ ውስጥ የሚገኝ እብጠት ነው። ለምሳሌ በመኪና አደጋ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ሲመረመር ሊገኝ ይችላል። በአማርኛ ጤናማው አካልም በላዩ የበቀለውም «ዕጢ» ስለሚባሉ፣ «ዕጢ ተገኘብህ» የሚለው ቃል ከሚገባው በላይ ያስደነግጣል። እዚህ ላይ «ዕጢ» የተፈጥሮውን አካል፣ «እብጠት» በውስጡ የተገኘውን ያመለክታል።

ፒቱታሪ የአተር ፍሬ የሚያህል፣ ክብደቱ ግማሽ ግራም ገደማ የሆነ ዕጢ ሲሆን ከአንጎል ሥር «የቱርክ ኮርቻ» በሚባል የአጥንት ጎድጓዳ ውስጥ ይገኛል። የታይሮይድን፣ የአድሬናልንና የመራቢያ ዕጢዎችን ሥራ የሚመሩ ሆርሞኖች የሚወጡት ከዚህ ነው። ልክ ከበላዩ ደግሞ የሁለቱ ዓይኖች ነርቮች ይገናኛሉ።

እብጠቱ ብርቅ አይደለም። በሌላ ምክንያት በሞቱ ሰዎች ላይ በተደረጉ የአስከሬን ምርመራዎች ከአሥር ሰው በአንዱ ገደማ ትንሽ አዴኖማ ተገኝቷል። ስለዚህ ኤምአርአይ በተስፋፋ ቁጥር ግኝቱ ይበዛል፤ በሽታው በዛ ማለት ግን አይደለም። ካንሰር የሚሆነው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። አንዳንዱም አዴኖማ ሳይሆን ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ነው፤ በጉርምስናና በእርግዝና ጊዜም ዕጢው ራሱ በተፈጥሮ ይተልቃል።

ከ10 ሚሊሜትር በታች የሆነው ማይክሮ፣ 10 እና ከዚያ በላይ የሆነው ማክሮ ይባላል። በክትትል ጥናቶች ከማይክሮዎቹ ከአሥር አንዱ ገደማ፣ ከማክሮዎቹ ከአራት አንዱ ገደማ አድገዋል። ማክሮው ወደ ላይ ሲገፋ የዓይን ነርቮችን ይጫናል። ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጎዳው የግራና የቀኝ ዳር ዕይታ ስለሆነ፣ መጽሐፍ በደንብ የሚያነብ ሰው ከጎኑ የሚመጣ መኪና ላያይ ይችላል። ትልቁ እብጠት ጤናማውን ዕጢ በመጫንም ሆርሞን ሊያሳንስ ይችላል።

ትንሽ መሆኑ ብቻውን ግን ዋስትና አይሰጥም። ማይክሮውም ሆርሞን ሊያመነጭ ይችላል፦ ፕሮላክቲን ሲበዛ የወር አበባ ይቋረጣል፣ ሳይወልዱ ወተት ይፈሳል፤ የእድገት ሆርሞን ሲበዛ ቀለበት ይጠባል፣ የጫማ ቁጥር ይጨምራል፤ ኮርቲሶል ሲበዛ ፊት ይከብባል፣ የደም ግፊትና ስኳር ይነሣሉ። ለውጡ አዝጋሚ ስለሆነ ቤተሰብ እንኳ «ዕድሜ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ምልክት በሌለውም ሰው ላይ የደም ምርመራ የሚደረገው ለዚህ ነው። ፕሮላክቲን ግን በእርግዝና፣ በሜቶክሎፕራማይድና በአንዳንድ የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶችም ስለሚጨምር፣ ውጤቱን ቸኩሎ ከእብጠቱ ጋር ማያያዝ አይገባም።

ኢንዶክራይን ሶሳይቲ በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ቀዶ ሕክምና የማያስፈልገው ማክሮ ከ6 ወር፣ ማይክሮ ከ1 ዓመት በኋላ እንደገና በኤምአርአይ እንዲታይ ይመክራል። ዕይታን የሚጫነው አብዛኛውን ጊዜ በአፍንጫ በኩል በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ፕሮላክቲን አመንጪው ግን ትልቅ ቢሆንም ብዙ ጊዜ እንደ ካበርጎሊን ባሉ እንክብሎች ይቀንሳል።

ከሁሉ አስቸኳዩ እብጠቱ ውስጥ በድንገት ደም ሲፈስ ነው። ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት፣ ማስታወክ፣ የዕይታ መጥፋት ወይም ነገሮች ሁለት ሆነው መታየት ሲከሰት፣ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።