አባይ ድልድይ (ባሕር ዳር)

አባይ ድልድይ በአማራ ክልል ዋና ከተማ በባሕር ዳር፣ አባይ ወንዝ ከጣና ሐይቅ ከሚወጣበት ቦታ አጠገብ የሚገኝ ድልድይ ነው። ወንዙ ለሁለት የከፈለውን ከተማ ያገናኛል፤ ከባሕር ዳር በወረታ በኩል ወደ ጎንደር የሚወስደው አውራ ጎዳናም የሚያልፍበት ነው። አሁን የሚያገለግለው ድልድይ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ተመርቆ ለትራፊክ ክፍት ሆነ።

አሮጌው ድልድይ

ቀዳሚው ድልድይ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራ ሲሆን ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አገልግሏል። ሲሠራ ባሕር ዳር ትንሽ ከተማ ነበረች። ከተማዋ ስታድግ የጭነት መኪናው፣ አውቶቡሱ፣ ባጃጁ፣ ብስክሌቱና እግረኛው በዚያው ጠባብ ድልድይ ላይ ይጨናነቁ ጀመር።

አዲሱ ድልድይ

አዲሱ ድልድይ ከአሮጌው አጠገብ የተሠራ ሲሆን 380 ሜትር ርዝመትና 43 ሜትር ስፋት አለው። በአንድ ጊዜ ስድስት ተሽከርካሪዎችን ጎን ለጎን ያሳልፋል። ከተሽከርካሪ መስመሮቹ በተጨማሪ የብስክሌትና የእግረኛ መንገድ አለው። ግንባታውን ያከናወነው የቻይናው ሲሲሲሲ ኩባንያ ነው፤ ወጪውም ከ1.4 ቢሊዮን ብር በላይ ነው።

ለብስክሌት ተጠቃሚዎች ያለው ትርጉም

ባሕር ዳር መሬቷ ሜዳ በመሆኑ ከኢትዮጵያ ከተሞች መካከል በብስክሌት ተጠቃሚነቷ ትታወቃለች። ተማሪው፣ ሠራተኛውና ነጋዴው በብስክሌት ይመላለሳል። ለእነዚህ ሰዎች ድልድይ ከሌላው መንገድ የተለየ ችግር አለው። በተራ መንገድ ላይ ከኋላ መኪና ሲመጣ ብስክሌተኛው ወደ ዳር መውጣት ይችላል፤ በጠባብ ድልድይ ላይ ግን ከአጠገቡ ያለው የድልድዩ አጥር ነው። ሌላ መሻገሪያ በቅርብ ከሌለ ደግሞ ከመኪናው ጋር ተጋፍቶ ከማለፍ ወይም ወርዶ ብስክሌቱን እየገፋ ከመሻገር ሌላ አማራጭ የለውም።

የተለየ የብስክሌት መንገድ ይህን ችግር የሚያቃልለው ግን ድልድዩ ላይ ብቻ ነው። መንገዱ በሁለቱም ጫፍ ከከተማዋ የብስክሌት መስመሮች ጋር ካልተያያዘ፣ ብስክሌተኛው ድልድዩን እንደጨረሰ ተመልሶ ከመኪና ጋር ይቀላቀላል። ባጃጅና ሞተር ሳይክል እንዳይገቡበት ወይም መኪና እንዳይቆምበት ካልተጠበቀም ጥቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ የአንድ ድልድይ ስፋት ለብስክሌተኛ የሚሰጠው ደኅንነት ወደ ድልድዩ በሚያደርሱት መንገዶችም ይወሰናል።