ስለ ቻይና ሰዎች ጕንጕን ጠጕርና ስለ ሥራቸው

ጠጕር ከሰው አካል ሁሉ ቀላሉ ነው፤ ያለ ትእዛዝ ያድጋል፥ ቢቈርጡትም አያምም። ነገር ግን መንግሥታትና የሥራ አለቆች ከእጅና ከእግር ይልቅ በእርሱ ላይ ሕግ ማውጣትን ወደዋል። ይህ ነገር ተገልጦ ከታየባቸው አገሮች አንዱ ቻይና ነው። በዚያ አገር ከ260 ዓመት በላይ ወንድ ሁሉ፥ ገበሬም ቢሆን ነጋዴ፥ ሹምም ቢሆን መምህር፥ ጠጕሩን በኋላው አንድ አድርጎ ጐንጕኖ ወደ ሥራው ይሄድ ነበረ። ይኸው ጕንጕን በመጀመሪያ የመሸነፍ ምልክት፥ ቀጥሎም የታማኝነት ምልክት፥ በመጨረሻም የመሣቂያ ነገር ሆነ። ከዚህ በታች የተጻፈው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ማንቹ የሚባሉት የሰሜን ሰዎች በ1644 ፔኪንግን ያዙ። በሚከተለው ዓመት የመንግሥቱ እንደራሴ ዶርጎን፥ የቻይና ወንድ ሁሉ በዐሥር ቀን ውስጥ እንደ ማንቹ ሥርዐት ከግንባሩ እስከ መካከለ ራሱ ተላጭቶ የቀረውን በኋላው እንዲጐነጕን ዐዋጅ አስነገረ። ቻይናውያን ከዚያ በፊት ጠጕራቸውን ሳይላጩ በራሳቸው ላይ ጠቅልለው ያስሩት ነበር፤ የኮንፉሲዮስ ትምህርት የተማሩትም ሥጋና ጠጕር ከአባትና ከእናት የተቀበልነው አደራ ነውና ልናጐድለው አይገባም ይሉ ነበር። ስለዚህ ዐዋጁ ከግብር ጭነት ይልቅ መረራቸው። ጠጕሩን ያተረፈ ራሱን ያጣል፥ ራሱን ያተረፈ ጠጕሩን ያጣል የሚል ነገርም በሕዝቡ አፍ ተለመደ። በያንግሴ ወንዝ አጠገብ ያለችው የጂያንግዪን ከተማ አንላጭም ብላ 81 ቀን ተከባ ተዋጋች፤ በተያዘችም ጊዜ ሕዝቧ በሰይፍ አለቀ። ከትእዛዙ ነጻ የሆኑት ሴቶች፥ ራሳቸውን ፈጽመው የሚላጩ የቡድሃ መነኮሳት፥ ጠጕራቸውንም የሚያሳድጉ የታኦ ካህናት ነበሩ። ገዢው ከዓለም ከወጣ ሰው የመገዛት ምልክት አልፈለገም ማለት ነው።

ዘመን ግን ሁሉን ያለምዳል። የጂያንግዪን ሰዎች ሞትን የመረጡበትን ነገር የልጅ ልጆቻቸው እንደ አባት ሥርዐት ያዙት። ጕንጕን የሌለው ሰው ለመንግሥት ፈተና አይቀርብም፥ ሹመትም አያገኝም ነበር። ሸክም የሚሸከመው ወይም አፈር የሚቈፍረው ሠራተኛ ጕንጕኑን በራሱ ላይ ይጠመጥመዋል፤ ጌታው ወይም ሹሙ በመጣ ጊዜ ግን ፈትቶ ወደ ኋላው ይለቀዋል። በእኛ አገር ሰው በታላቅ ፊት ሸማውን እንደሚያደገድግ፥ በዚያም ጕንጕንን ጠምጥሞ በአለቃ ፊት መቆም ነውር ነበረና። ከ1851 እስከ 1864 በታይፒንግ ጦርነት የተነሡት ዐመፀኞች መላጨትን ትተው ጠጕራቸውን ስላሳደጉ መንግሥቱ ባለ ረዥም ጠጕሮች ብሎ ይጠራቸው ነበር።

በዚያው ዘመን ብዙ ድሆች ባሕር ተሻግረው ወደ አሜሪካ ለሥራ ሄዱ። ከካሊፎርኒያ ተነሥቶ ተራራውን እየሰነጠቀ ወደ ምሥራቅ የሄደውንና በ1869 የተፈጸመውን የባቡር ሐዲድ ከሠሩት መካከል የሚበዙት ቻይናውያን ነበሩ፤ ቍጥራቸውም ከ10 ሺህ በላይ ደርሶ ነበር። ድንጋይ ሲፈነቅሉ ጕንጕናቸውን ጠምጥመው በባርኔጣቸው ሥር ይሸሽጉት ነበር እንጂ አይቈርጡትም፤ ያለ ጕንጕን ወደ አገሩ የተመለሰ ሰው እንደ ከዳተኛ ይቈጠር ነበርና። አሠሪዎቹ ከነጮቹ ያነሰ ደመወዝ እየከፈሉ ጕልበታቸውን ተጠቀሙ፤ ስለ ጠጕራቸው ግን ምንም አላሉም። ሐዲዱ አልቆ ሥራ በጠፋ ጊዜ ነው ጠጕሩ ለዐይን የከበደው።

የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ሹሞች በ1876 አንድ ደንብ አወጡ፤ ይኸውም ወደ ወኅኒ የሚገባ ወንድ ሁሉ ጠጕሩ ከአንድ ኢንች እንዳያልፍ ተደርጎ ይቈረጥ የሚል ነው። ደንቡ የቻይናን ስም አይጠራም፤ ጽሑፉን ብቻ የሚያነብ ሰው ለንጽሕና የወጣ ነው ይላል። ምሥጢሩ ግን ሌላ ነበረ። ብዙ ሰዎች በአንድ ጠባብ ክፍል ተጨናንቀው እንዳያድሩ የሚከለክል ሕግ ስለ ነበረ፥ ድሆቹ ሠራተኞች በዚያ እየተያዙ ይቀጡ ነበር፤ እነርሱም መቀጫውን ከመክፈል ይልቅ ጥቂት ቀን መታሰርን መረጡ፥ ወኅኒውም ሞላ። እንግዲህ ገንዘባቸውን ለማውጣት በገንዘብ የማይተመነውን ነገር መያዣ አደረጉባቸው። ሆ አ ካው የተባለ ሰው በ1878 10 ዶላር ባለመክፈሉ ታስሮ ጕንጕኑ ተቈረጠ፤ እርሱም የወኅኒውን ሹም ከሰሰ። በ1879 ነገሩን የሰማው ዳኛ እስቲፈን ፊልድ ደንቡን ሻረው። ዳኛው የሕግ እኩልነት ለዜጋ ብቻ ሳይሆን በአገሩ ለሚኖር ሰው ሁሉ የተሰጠ መሆኑን አመለከተ፤ ሰው ሁሉ በአደባባይ የሚያየውንም ነገር ዳኛ በወንበሩ ስለ ተቀመጠ አላየሁም ሊል እንደማይገባው ተናገረ።

በቻይና ውስጥ ደግሞ በዘመኑ መጨረሻ ክርክሩ ወደ መኪና ዞረ። የተሐድሶ ሰው የነበረው ካንግ ዩዌይ ለንጉሡ አቀረበው በሚባለው ጽሑፍ፥ ጕንጕን ልብስ ያሳድፋል፥ ለማጠብና ለማበጠር ጊዜ ይፈጃል፥ ከሁሉም ይልቅ በመኪና መንኰራኵር ተይዞ ሰውን ይገድላል ብሎ ጻፈ። ይህ ከክርክሮች ሁሉ እውነተኛው ነው፤ መንኰራኵር የማንንም ሃይማኖትና ወገን አይጠይቅምና።

ኋላ ስመ ጥር ደራሲ የሆነው ሉ ሹን በጃፓን ሲማር ጕንጕኑን ቈርጦ ነበር። በ1909 ለማስተማር ሲመለስ በሻንጋይ ሰው ሠራሽ ጕንጕን ገዝቶ በራሱ ላይ አደረገ። አንድ ወር ያህል ከቈየ በኋላ ግን፥ ይህ ነገር በመንገድ ቢወድቅ ከመቈረጥ የባሰ ውርደት ነው ብሎ ጣለው፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ በሄደበት ሁሉ ይሰደብ ነበር። ተማሮቹ እርሱን አይተው እኛም እንቍረጥ ባሉት ጊዜ አትቍረጡ ብሎ መከራቸው። ተማሮቹ የመምህሩ ሥራና ቃል አልተባበረም ብለው ሳያዝኑበት አልቀሩም፤ እርሱ ግን የሚመጣባቸውን ያውቅ ነበር።

ከ1911 አብዮት በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። ሱን ያት ሴን በመጋቢት 1912 ሕዝቡ በ20 ቀን ውስጥ ጕንጕኑን እንዲቈርጥ አዘዘ፤ ወታደሮችም መቀስ ይዘው በከተማ በሮች እየቆሙ የገበሬውን ጕንጕን በግድ ይቈርጡ ጀመር። በ1645 ስለ መላጨት የተለቀሰው ልቅሶ አሁን ስለ መቈረጥ ተለቀሰ። ቀድሞ ጕንጕን የሌለው ሰው ሹመት እንዳላገኘ፥ አሁን ደግሞ ጕንጕን ያለው ሰው በአዲሱ መሥሪያ ቤት እንደ ጠላት ይታይ ነበር።

በዚህ ጊዜ በፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ አንድ ባለ ጕንጕን መምህር ነበረ፤ ስሙ ጉ ሆንግሚንግ ይባላል። በ1857 በፔናንግ ተወልዶ፥ በ1877 ከኤዲንበራ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ፥ የጀርመንንም ትምህርት ተምሮ፥ በብዙ የአውሮፓ ቋንቋ ይናገርና ይጽፍ ነበር። ለሌላው ቻይናዊ ጕንጕን ያለ ምርጫው ከአባቱ የወረሰው ነው፤ ለእርሱ ግን የአውሮፓን ትምህርት ከጨረሰ በኋላ ወድዶ የያዘው ነበረ። ወደ ክፍል ሲገባ ተማሮቹ ሣቁበት፤ እርሱም የእኔ ጕንጕን በራሴ ላይ የሚታይ ነው፥ የእናንተ ግን በልባችሁ የማይታይ ነው ብሎ መለሰላቸው ተብሎ ይነገራል። ይህን ያህል ሊቅ ቢሆንም ቁባት ማብዛትንና የሴቶችን እግር ማሰርን ደግፎ መናገሩ የሚመሰገን አይደለም፤ የድፍረቱ ማማር የነገሩን ክፋት አይሸፍነውም።

የዩኒቨርሲቲው አለቃ ጻይ ዩዋንፔይ ነበረ። እርሱ የድሮውን የመንግሥት ፈተና እስከ ከፍተኛው ማዕርግ ያለፈ፥ በላይፕሲግም የተማረ፥ የሪፑብሊኩም የመጀመሪያ የትምህርት ሚኒስትር የነበረ ሰው ነው። በ1919 ሊን ሹ የተባለው አዛውንት ደራሲ ዩኒቨርሲቲው የአባቶችን ሥርዐት እያፈረሰ ነው ብሎ በግልጥ ደብዳቤ ከሰሰው። (ይህ ሊን ሹ የውጭ አገር ቋንቋ አንድም ሳያውቅ፥ የሚያውቁ ሰዎች እየነገሩት ከመቶ በላይ የአውሮፓ መጻሕፍት በቻይንኛ የመለሰ ነው፤ ባለ ቅኔ ሰው ምሥጢሩን ከሰማ ቃሉን ከራሱ እንደሚያወጣ የታወቀ ነው።) ጻይ ሲመልስ ያን ባለ ጕንጕን መምህር ስሙን ሳይጠራ ምሳሌ አድርጎ አመጣው። ከመምህሮቻችን አንዱ ረዥም ጕንጕን ለቆ ንጉሠ ነገሥቱ ይመለስ የሚል አለ፤ ነገር ግን የሚያስተምረው የእንግሊዝን ሥነ ጽሑፍ ስለ ሆነና ይህም ከፖለቲካ ጋራ ስለማይገናኝ እንተወዋለን የሚል ነበር የቃሉ ሐሳብ።

አንባቢው የነገሩን ክብደት ልብ ይበል። ከሁለት ዓመት በፊት፥ በሐምሌ 1917፥ ወታደሮቹን ጕንጕን እንዳይቈርጡ የከለከለው ጄኔራል ጃንግ ሹን ፔኪንግ ገብቶ ሕፃኑን ንጉሥ ፑ ዪን 12 ቀን ያህል በዙፋን መልሶ አስቀምጦት ነበር። ስለዚህ ጕንጕን በዚያን ጊዜ ባዶ ጠጕር አልነበረም፤ የጦር ዓላማ ነበረ። ጻይም ራሱ አብዮተኛ ሆኖ ሳለ የጠላቱን ዓላማ በገዛ ቤቱ አዳራሽ ሲመላለስ አይቶ ሥራውን ብቻ መዘነ።

ሌላው ቤት እንዲህ አልነበረም። ፑ ዪ ራሱ በ1922 ገደማ በስኮትላንዳዊው መምህሩ በጆንስተን ምክር ጕንጕኑን በቈረጠ ጊዜ፥ በቤተ መንግሥቱ ከሚያገለግሉት አንድ ሺህ ያህል ጕንጕኖች በጥቂት ቀን ውስጥ ጠፉ፤ ሦስቱ ቻይናውያን መምህሮቹና ጥቂት ሹሞች ብቻ እንደ ያዙ ቀሩ። ጌታው ጕንጕን ሳለው ሁሉም ጐንጕነው ነበር፤ ጌታው ሲቈርጥ ሁሉም ቈረጡ።

ከቀሩት ባለ ጕንጕኖች ሁሉ በትምህርት የሚበልጠው ዋንግ ጕዎዌይ ነበረ። በአጥንትና በኤሊ ቅርፊት ላይ የተቀረጸውን የቻይናን ጥንታዊ ጽሕፈት መርምሮ የሻንግን ነገሥታት ሐረግ ያስተካከለ ሊቅ ነው። ከ1925 ጀምሮ በጺንግኋ ትምህርት ቤት ሲያስተምር ጕንጕኑ በኋላው ነበረ፤ ተማሮቹም ያዳምጡት የነበረው ስለ ትምህርቱ ነው። በ1927 የአብዮቱ ጦር ከደቡብ ወደ ፔኪንግ ሲቃረብ፥ ሰኔ 2 ቀን ወደ ድሮው የነገሥታት የበጋ ቤተ መንግሥት ሄዶ በኩንሚንግ ሐይቅ ራሱን ጣለ፤ ዕድሜውም 50 ዓመት ያህል ነበረ። በልብሱ የተገኘው ወረቀት ሁለተኛ ውርደትን እንደማይታገሥ የሚናገር ነበር። መቀሱን ፈርቶ ነው ያሉ አሉ፤ ስለ ንጉሡ ነው ያሉም አሉ።

በ1929 የጺንግኋ ሰዎች በግቢያቸው የድንጋይ ሐውልት አቆሙለት። ጽሕፈቱን የደረሰው ባልንጀራው ቼን ዪንኬ ነው፤ የሊቁን መንፈስ በራሱ መቆምና የአሳቡን ነጻነት ያመሰግናል፥ ጕንጕኑን ግን በአንድ ቃል እንኳ አያነሣም።