ቮልቴጅ

ቃሉ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1800 የመጀመሪያውን ባትሪ ካስተዋወቀው ጣሊያናዊ፣ ከአሌሳንድሮ ቮልታ ስም ነው። ቮልቴጅ ማለት ኤሌክትሪክን በሽቦ ውስጥ የሚገፋው ግፊት ነው። ብዙ ሰው ግን ባትሪው ውስጥ የቀረ መጠን አድርጎ ይወስደዋል።

ይህ ስህተት በሸራ ጀልባ ላይ ዋጋ ያስከፍላል። ሞተር ጠፍቶ በነፋስ ብቻ ሲኬድ የሌሊቱ መብራት፣ ሬዲዮውና ፍሪጁ የሚሠሩት በባትሪ ነው። ባለ 12 ቮልት የሊድ አሲድ ባትሪ ሞልቶ ሲያርፍ 12.7 አካባቢ ያሳያል፤ 12.2 ላይ ሲደርስ ግማሹ አልቋል። ግማሽ ባትሪ በግማሽ ቮልት! ፍሪጁ ሲነሳ ቁጥሩ ይወርዳል፣ ሶላሩ ሲሞላ ከ14 ሊያልፍ ይችላል፤ ሁለቱም የቀረውን አይናገሩም። የሚታመነው ባትሪው ሳይሞላም ሳይሠራም ለሰዓታት ካረፈ በኋላ የሚነበበው ነው። የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪማ ሊያልቅ እስኪል ቮልቴጁ ብዙም አይወርድም፤ ስለዚህ የገባውንና የወጣውን አምፒር የሚቆጥር መሣሪያ ይፈልጋል።

የሊድ አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች በወረደ ቁጥር ዕድሜው ያጥራል፤ 12.2 ስታዩ ሳትዘገዩ ሙሉት።