ከጠንጃ እስከ ጅዳ፦ የኢብኑ በጡጣ መንገድና የዛሬው በረራ

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ ሁለት አውሮፕላን ማረፊያዎች ነው። አንደኛው በሞሮኮ ሰሜናዊ ጫፍ በጠንጃ (ታንጀር) ከተማ ይገኛል፤ ስሙም «ኢብኑ በጡጣ» ይባላል። ሁለተኛው የሑጃጆች መግቢያ የሆነው የጅዳው ንጉሥ ዐብዱልዐዚዝ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የአየር ርቀት 4,600 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሰዓት ከ800 እስከ 900 ኪሎ ሜትር የሚከንፍ አውሮፕላን በቀጥታ ቢበር ስድስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ሲመለስ ግን በከፍታው ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ፊት ለፊት ስለሚገጥመው ጉዞው ትንሽ ይረዝማል።

ለመሆኑ ማረፊያው የተሰየመለት ሰው ይህን መንገድ በስንት ጊዜ ጨረሰው?

ኢብኑ በጡጣ ሐጅ ለማድረግ ከጠንጃ የተነሳው በ725 ዓመተ ሂጅራ በረጀብ ወር፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1325 ነው። ዕድሜው 21 ነበር። ወላጆቹ በሕይወት ነበሩና መለያየቱ ለእርሱም ለእነርሱም ከባድ እንደነበር ራሱ ተናግሯል።

መንገዱ እንደ አውሮፕላን መስመር ቀጥ ያለ አልነበረም። ቅፍለት የሚጓዘው ውኃና ሰላም ባለበት በኩል ነው። ዛሬ አልጄሪያ፣ ቱኒዚያና ሊቢያ የምንላቸውን አገሮች አቋርጦ እስክንድርያና ካይሮ ገባ። ከዚያም በቀይ ባሕር ወደብ በዐይዛብ በኩል ወደ ጅዳ ሊሻገር ወረደ። ሆኖም በአካባቢው ውጊያ ተነስቶ ስለነበር መሻገር አልቻለም። ወደ ካይሮ ተመልሶ ደማስቆ ሄደ፤ ከሶርያ ሑጃጆች ጋር መዲናን ዘይሮ መካ የደረሰው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1326 ነው። አሥራ ስድስት ወር መሆኑ ነው! የእኛም አገር አባቶች ለሐጅ ሲነሱ በእግርና በበቅሎ እስከ ቀይ ባሕር ዳርቻ ወርደው በጀልባ ይሻገሩ ነበር።

ኢብኑ በጡጣ ከሐጅ በኋላም ጉዞውን ቀጠለ። ወደ አገሩ የተመለሰው በ24 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1349 ነው። በመልሱ ደማስቆ ሲደርስ አባቱ ከሞቱ 15 ዓመት እንዳለፋቸው ሰማ። ሞሮኮ ሲገባ ደግሞ እናቱን ወረርሽኙ እንደወሰዳቸው ተረዳ። ጠንጃ ሲደርስ የቀረለት የእናቱን መቃብር መዘየር ብቻ ነበር።

ውድ አድማጮቻችን! ያ ሰው የአባቱን መርዶ 15 ዓመት ዘግይቶ የሰማው በዘመኑ ወሬ የሚጓዘው በሰው እግርና በጀልባ ስለነበር ነው። እኛስ ምን ምክንያት አለን? ከቦሌ እስከ ጅዳ 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከሁለት ሰዓት ብዙም ያልበለጠ በረራ ነው። እርግጥ ነው፣ ቲኬቱ ገንዘብ ይጠይቃል፤ ከሥራ ፈቃድም ሁልጊዜ አይገኝም። ስልኩ ግን በእጃችን ነው። በባዕድ አገር ያለን ልጆች የወላጆቻችንን ድምፅ ሳንሰማ ወራት የምናሳልፍ ከሆነ፣ ያራቀን ኪሎ ሜትሩ አይደለም። ዝምድናን መቀጠል (ሲለቱ ረሒም) ግዴታችን ነውና ዛሬ ሳይመሽ እናት አባታችንን እንጠይቅ።

አላህ ይወፍቀን።