እንዶድ የሚያስለቅቀው እድፍ

ባለፈው ዓርብ የልጅ ልጄ ከጋን፣ ከመዋዕለ ሕፃናት፣ ሲመለስ ለሰንበት የለበሰው ነጭ ሸሚዝ ደረቱ ላይ ሮማን ፈሶበት ነበር። ልጄ የሚያነጣውን ኢኮኖሚካ (በረኪና) አንስታ ልታፈስበት ስትል እጇን ያዝኳት። «ቆይ፣ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ» አልኳት። ይህ የእናቴ ቃል ነው።

ጎንደር፣ አምቦበር አካባቢ ሳለን ዓርብ የአጠባ ቀን ነበር። እኛ ቤተ እስራኤል ሰንበት ሳይገባ ወንዝ ወርደን ገላችንንም ልብሳችንንም እናጥብ ነበር። ከገባ በኋላ እሳት አይነድም፣ ውሃ አይቀዳም። ከልጅ ልብስ ላይ ያልለቀቀ እድፍ ካለ ሰንበትን አብሮን ይውላል፤ እናቴ ደግሞ ይህን አትችለውም ነበር።

ሳሙናችን እንዶድ ነበር። ፍሬው ሳይበስል በአረንጓዴው ይለቀማል፣ ይሰጣል፣ ይወቀጣል። ስንወቅጥ ብናኙ ስለሚያስነጥሰን አፍና አፍንጫችንን በነጠላ እንሸፍን ነበር። ዱቄቱ ውሃ ሲያገኝ አረፋው ይነሳል፤ ነጭ ልብስ እንደ እሱ የሚያነጣ አላየሁም።

እናቴ ግን ሁሉንም ልብስ ባንድ ላይ አትዘፈዝፍም። ጭቃ ከሆነ እስኪደርቅ ትጠብቅና አሽታ ታራግፈዋለች፤ በእርጥቡ ከታሸ ወደ ክሩ ይገባል ትላለች። ደም ከሆነ ትኩስ ውሃ አይነካውም። ከልጆቹ ጸጉር ቀልጦ አንገትጌ ላይ የወረደ ቅቤ ሲሆን ደረቁን የእንዶድ ዱቄት ትነሰንስበትና ሌላውን ልብስ አጥባ እስክትጨርስ ትተወዋለች። የበርበሬ ወጥ ከሆነ አጥባ፣ ሳትጨምቅ፣ ሣር ላይ ታሰጣዋለች። «የቀረውን ፀሐይ ትብላው» ትል ነበር። የበርበሬ ቅላት በእርግጥም ፀሐይ ሲመታው ይጠፋል።

በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ወንዝ ሌላ ነገርም ተገኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ልብስ ከሚታጠብበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። የቢልሃርዚያን ትል የሚያዛምቱት እነዚያ ቀንድ አውጣዎች ነበሩ፤ የገደላቸው እንዶዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 እሳቸውና ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ለዚህ ሥራ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሰጣቸው። ይህን ለእናቴ ባነበብኩላት ጊዜ አልደነቃትም። «ዓሣም ይገድላል» አለችኝ።

አዲስ አበባ የእስራኤል ኤምባሲ አካባቢ ስንጠብቅ ከርመን፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. በሰለሞን ዘመቻ ወደ እስራኤል ወጣን። በአንድ ቀን ተኩል ከ14,000 በላይ ሰው ሲጫን እኛ የያዝነው የለበስነውን ብቻ ነበር። እንዶዱ ቀረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኪርያት ጋት ቤት አገኘን። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተቆረቆረች፣ ፖልጋት በሚባለው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ የምትታወቅ ነበረች።

እዚያ ቤት ለቤት የምትዞር አንዲት ሴት እናቴን ልብስ ማጠብ ልታስተምራት መጣች። ማሽኑን ከፍታ፣ የልጆቹን ልብስ ጠቅልላ ከታ፣ ወደ 60 ዲግሪ አዞረችው። የወንድሜ ሱሪ ጉልበቱ ላይ ደም ነበረበት። እናቴ በእጇ እያመለከተች «አይሆንም» አለች፤ ሴትዮዋ አማርኛ አታውቅም፣ እኔ ደግሞ ዕብራይስጡ ገና በደንብ አልገባኝም ነበር። ደሙ እዚያው ቡናማ ሆኖ ደረቀ። እናቴ ሱሪውን አጥፋ አስቀመጠችው፤ ስለ ነገሩም ምንም አልተናገረች። እኔ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ስታጥብ የኖረችን ሴት፣ ውሃ እንዳላየች ሰው አድርገው አስተማሯት።

ዛሬ የልብስ ማጠቢያ ዱቄቱን ካርቶን ሳነብ፣ አንዱ ኤንዛይም ለደምና ለወተት፣ ሌላው ለቅባት ይላል። እናቴ ወንዝ ዳር ለየብቻ ትደረድራቸው የነበሩት ክምሮች ናቸው።

የልጁን ሸሚዝ ከጀርባው በኩል ቀዝቃዛ ውሃ ለቀቅንበት፤ ሐምራዊው እየገረጣ ወረደ። በሳሙና አሸነው፣ አለቀለቅነው። ልጄ ማድረቂያው ውስጥ ልትከተው ነበር። ሰንበት ሊገባ ሁለት ሰዓት ያህል ቀርቶታል፤ በረንዳው ላይ ፀሐይ አለ። ሳንጨምቀው አሰጣነው።