ውሃ የማይጠጣው ቮልስ

በስቶክሆልም አካባቢ የድሮ መኪና ገበያ የሚደራው ሚያዝያ ላይ ነው። በረዶ ለማቅለጥ ክረምቱን ሙሉ መንገድ ላይ የተበተነው ጨው በዝናብ ታጥቦ እስኪያልቅ፣ መኪናውን የሚወድ ሰው ከጋራዥ አያወጣውም። ከዚያ በኋላ ግን ሽፋኑ ይገፈፋል፤ ማስታወቂያውም ይከተላል፦ «ሙሉ በሙሉ የታደሰ፣ ሞተሩ የተሠራ፣ ቀለሙ አዲስ።» ከእነዚህ መኪኖች መካከል ከመታየታቸው በፊት በድምፃቸው የሚታወቁ አሉ። እኛ ቮልስ የምንለው፣ ስዊድኖቹ «ቡብላ» እያሉ የሚያቆላምጡት ትንሹ መኪናና ታላቅ ወንድሙ ኮምቢ ናቸው። በስቶክሆልም አካባቢ ባለችው በአልቢ የሚኖር አበሻ ይህን ድምፅ ሲሰማ ዞር ማለቱ አይቀርም። አባቱ፣ አጎቱ ወይም የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ነድተውታልና።

አልቢ ራሷ ከቮልስ ታንሳለች። ስዊድን ከ1965 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. አንድ ሚሊዮን ቤት እሠራለሁ ብላ በተነሣችበት ዘመን መጨረሻ የተገነባች ሰፈር ናት፤ የምድር ውስጥ ባቡሩ የደረሰላት በ1975 ነው። የቮልስን የስዊድን ታሪክ ለሚፈልግ ግን ሰፈሯ ምቹ ቦታ ላይ ናት። በኢ4 አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ምዕራብ ሃያ ኪሎ ሜትር እንኳ ሳይሞላ ሶደርቴልዬ ይደረሳል። ያኔ ስካኒያ ቫቢስ፣ ዛሬ ስካኒያ የሚባለው የከባድ መኪና ሠሪ ከተማ ናት።

ስካኒያ ቫቢስ በ1948 የቮልስዋገን የስዊድን ወኪል ሆነ። ጦርነቱ ካበቃ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ከጀርመን የሚመጣ ዕቃ በጥርጣሬ ይታያል፣ መኪናውም የሂትለር መንግሥት ያስጀመረው ነው። ሆኖም ርካሽ ነበር፣ ይሠራ ነበር፣ በብርድ ማለዳም ይነሣ ነበር። በ1950ዎቹ ስዊድን ውስጥ በብዛት ከሚሸጡት መኪኖች አንዱ ሆነ። ከእሱ የተገኘው ትርፍም ስካኒያ ቫቢስ የጭነት መኪና መሸጫና ጥገና መረቡን እንዲያሰፋ ረዳው። ነገሩ በዚህ አላበቃም፤ ከ60 ዓመት በኋላ፣ በ2008፣ ቮልስዋገን የስካኒያን አብላጫ ድምፅ ገዝቶ የቀድሞ ወኪሉን ጠቀለለው። የንግድ ታሪክ እንዲህ ዓይነት ቀልድ ያውቃል።

የመኪናው ውልደት ብዙ ጊዜ ስለተጻፈ ባጭሩ ልለፈው። ንድፉ የፌርዲናንድ ፖርሽ ነው፤ የፋብሪካው መሠረት የተጣለው በ1938 ነው። ጦርነቱ መጥቶ ሕዝቡ ተስፋ የተሰጠውን መኪና ሳያገኝ ቀረ። በ1945 ፍርስራሹን ተረክቦ ማምረቻውን እንደገና ያስነሣው ኢቫን ኸርስት የተባለ እንግሊዛዊ ሻለቃ ነው። በ1947 ደግሞ ቤን ፖን የተባለ ሆላንዳዊ መኪና አስመጪ ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ሳጥን የመሰለ ነገር ሣለ፤ ሞተሩ ከኋላ፣ ሾፌሩ ከፊት፣ ጭነቱ መሐል። ኮምቢ ከዚያ ሥዕል ወጥቶ በ1950 ማምረቻ መስመር ላይ ገባ።

የሞተሩ ነገር ግን ቆም ብሎ መታየት አለበት። ከኋላ ኮፈኑን ብትከፍቱ ራዲያተር የለም፤ የውሃ ፓምፕ የለም፤ የውሃ ጎማም የለም። አራቱ ሲሊንደሮች ሁለት ሁለት ሆነው ፊት ለፊት ተጋድመዋል፤ ዙሪያቸውን ስስ ክንፎች ከበዋቸዋል። ከላይ ዲናሞው አለ፤ በዲናሞው ዘንግ ጫፍ ላይ ደግሞ ማራገቢያ። ሁለቱንም የምታዞረው አንዲት ቺንጊያ ናት። ቺንጊያዋ ከተበጠሰች ዲናሞው ይቆማል፤ ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ መብራት ይበራል። ያን ጊዜ «ቤቴ ልድረስ» ያለ ሰው ሞተሩን አቃጥሎ ይደርሳል። የሚያስፈልገው ዘይት ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ነው። ዘይቱም ከማለስለስ ሌላ የማቀዝቀዝ ድርሻ ስላለው፣ ዘይት መቀየር የረሳ ሰው ራዲያተሩን ውሃ አልባ እንዳደረገ ይቆጠራል።

ጉድለት የለውም ማለት አይደለም። እስከ 1970 ገደማ በተሠሩት ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የቆመው ማራገቢያው ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር በሚልከው ነፋስ መንገድ ላይ ነው። ሦስተኛው ከሌሎቹ ይልቅ ሞቃት አየር ይደርሰዋል፤ ቫልቩም ቀድሞ የሚቃጠለው የእሱ ነው። ይህን የሚያውቅ መካኒክ የቮልስ ሞተር ሲፈትሽ ጆሮውን መጀመሪያ የሚሰጠው ለሦስተኛው ነው። ሞተሩን ለማውረድ ደግሞ ከማርሽ ሳጥኑ ጋር የሚያያዙትን አራት ብሎኖች መፍታት፣ ሽቦና የነዳጅ ቱቦ ማላቀቅ፣ በክሪክ ዝቅ ማድረግ ይበቃል። እጁን ላፍታታ ሰው የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ስዊድንና ኢትዮጵያ በአንድ መኪና የተስማሙት በዚህ ሞተር ነው። ሶደርቴልዬ ላይ ውሃ በጥር በረዶ ይሆናል፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከፍታው ውሃን በ92 ዲግሪ ገደማ ያፈላዋል። የአባይን በረሃ ወጥቶ ጎሐ ጽዮን የደረሰ አሮጌ መኪና ኮፈኑን ከፍቶ በእንፋሎት ሲታጠን ማየት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቮልስ በረዶ የሚሆንም የሚፈላም ውሃ የለውም። ጉልበቱ በከፍታው ይቀንሳል፤ 1200 ሲሲው ሞተር ድሮም 30 ፈረስ ጉልበት ያህል ነበረው። ቀስ ይላል፣ ግን አይቆምም።

አዲስ አበባ ቮልስን የመምህሩ፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ አዲስ የተመረቀው መሐንዲስ መኪና አደረገችው። የኢትዮጵያ ሾፌር ከግራ ወደ ቀኝ መንገድ የተሻገረው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው። ስዊድን ለተመሳሳዩ ለውጥ እስከ መስከረም 3 ቀን 1967 እ.ኤ.አ. ቆይታለች፤ በዚህስ ቀድመናታል። የሚገርመው፣ ስዊድኖቹ በግራ እየነዱም የአብዛኛው መኪናቸው መሪ ግራ ነበር፤ ስለዚህ ቮልሱ በዚያች ሌሊት መስመር እንጂ መሪ አልቀየረም።

ይህ መኪና በአገራችን ታሪክ ውስጥ ያለውን ቦታ ግን ማንም አስመጪ አላሰበውም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከሥልጣን አውርዶ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ሲያወጣቸው ያሳፈራቸው በቮልስ ነው። ባለ ሁለት በር ስለሆነ ከኋላ የሚቀመጥ ሰው የፊት ወንበር ታጥፎለት፣ ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። ሮልስ ሮይስ የለመዱት ንጉሠ ነገሥት በዚያ በር እንዲገቡ ሲነገራቸው እንዳቅማሙ ይነገራል። ከዚያ ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ተወሰዱ። እኔ በበኩሌ የመኪናው ምርጫ እንዲያው የደረሰ ነገር ነው ብዬ አላምንም፤ ንጉሡን የተናቁ ለማስመሰል ከዚህ የተሻለ መኪና ከተማው ውስጥ አልነበረም።

ጀርመን ውስጥ ጣሪያው የማይገለጠው የትንሹ ቮልስ ምርት በጥር 1978 እ.ኤ.አ. ቆመ። ሜክሲኮ እስከ ሐምሌ 30 ቀን 2003 ድረስ ሠራችው፤ የመጨረሻው ሲወጣ ጠቅላላ ቁጥሩ 21,529,464 ደርሶ ነበር። ብራዚል ኮምቢን እስከ 2013 አቆየችው፤ በአየር የሚቀዘቅዘውን ሞተር ግን በ2005 መጨረሻ ትታዋለች።

ምርቱ ሲቆም ገበያው ተገለበጠ። በ2011 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ 23 መስኮት ያለው የ1963 ኮምቢ በጨረታ ከ200 ሺህ ዶላር በላይ ተሸጠ። ከዚያ ወዲህ ተራውን የጭነት ኮምቢ ጣሪያና ጎን ቀድዶ መስኮት ማብዛት ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። ስለዚህ አልቢም ሆነ ቦሌ ላይ «የታደሰ» የተባለ ቮልስ ለሚገዛ ሰው ጥቂት ነገር ልንገረው። ቀለሙን አትመልከት። ቀለም የመጨረሻው ሥራ ነው፤ ስቱኮ የሚደበቀውም ከሥሩ ነው። የኋላ ወንበሩን አንሣው። ባትሪው እዚያ ነው የሚቀመጠው፤ አሲድ የበላው የወለል ላሜራም እዚያው አለ። መሐል ለመሐል በሚያልፈው ቦይ ላይ የሻንሲ ቁጥሩ ተመትቷል። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ ሦስተኛው አኃዝ የሞዴሉን ዓመት ይናገራል፦ ትንሹ ቮልስ በ118 ከጀመረ የ1968 ነው። የሞተሩ ቁጥር ከዲናሞው መቀመጫ ሥር ነው። ቁጥሮቹ ከመዝገቡ ጋር ካልገጠሙ ዋጋው ይወርዳል እንጂ መኪናው አይጣልም።

ቀጥሎ ከበሮቹ ሥር ተንበርከክ። ከሞተሩ የሚመጣው ሙቀት ወደ ውስጥ የሚያልፍባቸው ቦዮች እዚያ ናቸው፤ ስዊድን ውስጥ ጨውና ዝገት ቀድመው የሚበሉትም እነሱን ነው። ስቶክሆልም አካባቢ የሚሸጥ ቮልስ ከላይ ሲያብረቀርቅ፣ ከሥሩ በብየዳ ተለቅሞ ሊሆን ይችላል። የአዲስ አበባው ቮልስ ተቃራኒው ነው። ፓራፋንጎው ተጎሳቁሏል፣ የበሩ ጎማ በፀሐይ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ካርቡራቶሩ ከሌላ መኪና ተበድሯል፣ ፍሬቻው ከሶማሌ ተራ የተገኘ ነው። ላሜራው ግን ጨው አላየም። ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያቀርቡልኝ ያለ ማመንታት ያልታደሰውን የአዲስ አበባውን እመርጣለሁ። የጠፋ ፍሬቻ ይገኛል፤ ዝገት የበላው ወለል ግን ተቆርጦ ሌላ ነው የሚገባለት።

ሕጉም ሁለቱን አገሮች ለያይቷቸዋል። ስዊድን 30 ዓመት የሞላውን መኪና ከዓመታዊ የተሽከርካሪ ግብር ነፃ አድርጋለች፤ ከ2018 ወዲህ 50 ዓመት ያለፈው ከምርመራም ነፃ ነው። መኪናው ሲያረጅ መንግሥት እጁን ያነሣለታል። እኛ ጋ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድ አደረገ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። የአዋጁንም የክልከላውንም ምክንያት እረዳለሁ፤ ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ነው የሚመጣው። ውጤቱ ግን፣ አልቢ ላይ የታደሰ ኮምቢ ገዝቶ ለአባቱ ወደ ባሕር ዳር ለመላክ የሚያልም ሰው ሕልሙ ከጂቡቲ አያልፍም።

ስለዚህ ኢትዮጵያ ውስጥ ያለው ቮልስ ያለው ብቻ ነው። አንዱ ለቁርጥራጭ ብረት በተሸጠ ቁጥር የሚተካው የለም። ግቢያችሁ ውስጥ፣ ከእንጨትና ከአሮጌ ቆርቆሮ ጋር የቆመ ቮልስ ካላችሁ፣ ጎማው ቢተነፍስም ሞተሩ ቢነክስም ለብረት ገዢ አትስጡት። ከሁሉ በፊት ሊብሬውን ፈልጉ፤ የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር ከላዩ ጋር አስተያዩና ጻፉት። ሊብሬ ያለው አሮጌ ቮልስ ይታደሳል፣ ይሸጣል፣ ይወረሳል፤ የሌለው ግን ሶማሌ ተራ በክፍል በክፍል ይበተናል።